ጓዳ የሌለው ቤት፤ ስለ ፓይተን የሞጁል አሠራር የቀረበ ትችት

ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ተማሪ ሁሉ ከመምህሩ አስቀድሞ ከሚሰማቸው ምክሮች አንዱ «ሥራህን ከፋፍለህ ጻፍ» የሚለው ነው። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በምን መለኪያ እንደሚከፋፈል የሚነግረው ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ አንዱን ረጅም ፋይል በስድስት ወይም በሰባት አጫጭር ፋይሎች ይበትነውና ሥራው የተከፋፈለ ይመስለዋል። እኛም እንደዚሁ ይመስለን ነበር። በዚህ ጽሑፍ ልናመለክት የምንፈልገው ፋይል መቁረጥና ሥራ መክፈል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው፤ ደግሞም ዛሬ በብዙ ቦታ ለጀማሪዎች የሚሰጠው የፓይተን ቋንቋ የመጀመሪያውን እጅግ አቅልሎ ሲያስተምር፣ ሁለተኛውን ለጸሐፊው በጎ ፈቃድ ትቶት ማለፉን ነው። ዓመተ ምሕረት በምንጠቅስበት ሁሉ አቈጣጠሩ የአውሮፓውያን ነው። የራሳችን አቈጣጠር የሚነሣበት ቦታ ከዚህ በታች ይመጣል፤ እንዲያውም ይህን ትችት እንድንጽፍ ያደረገን እርሱ ነው።

ሞጁል ማለት የራሱ ስም ያለው፣ ለአንድ ጉዳይ ኃላፊነት የተሰጠው የፕሮግራም ክፍል ነው። ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በቤት ምሳሌ እንግለጠው። በአገራችን ቤት እንግዳ የሚቀበሉበት እልፍኝ አለ፤ ጓዳም አለ። እንግዳው በእልፍኝ ተቀምጦ የቀረበለትን ይበላል፤ ወጡ በየትኛው ድስት እንደ ተሠራ፣ ቅቤው በየትኛው ቅል እንደ ተቀመጠ አይጠይቅም፤ ገብቶም አያይም። እመቤቲቱ ድስቷን በለወጠች ጊዜ እንግዶቿን ሁሉ ጠርታ መንገር የለባትም። ሞጁልም እንደዚሁ ለሌሎች የሚያቀርበው አገልግሎትና በውስጡ የሚሰውረው አሠራር ሊኖረው ይገባል። አገልግሎቱ ሳይለወጥ አሠራሩ ሊለወጥ ከቻለ ሞጁሉ ሞጁል ነው፤ ካልቻለ ግን ስም የወጣለት ፋይል ነው።

ይህን መለኪያ ከሁሉ ይልቅ አጥርተው ያቀረቡት ዴቪድ ፓርናስ ናቸው። በዲሴምበር 1972 ኤ.ሲ.ኤም. በሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር መጽሔት ባወጡት አጭር ጽሑፍ ፕሮግራምን ወደ ሞጁሎች ለመክፈል ምን መለኪያ መያዝ እንደሚገባ መረመሩ። የወሰዱት ምሳሌ የአርእስት መጠቍም የሚያዘጋጅ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን አርእስት ይቀበልና የመጀመሪያውን ቃል ከፊት እያነሣ ወደ ኋላ ይወስዳል፤ «የቡና ንግድ ታሪክ» የሚለው «ንግድ ታሪክ የቡና» ይሆናል፤ ቀጥሎም «ታሪክ የቡና ንግድ» ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሁሉንም በፊደል ተራ ደርድሮ ያትማል። በዚህም ምክንያት መጽሐፉን በአርእስቱ ውስጥ ባለው በየትኛውም ቃል ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ምሳሌው ያረጀ ሊመስል ይችላል፤ እኛ ግን ካነበብናቸው ብዙ አዳዲስ ምሳሌዎች ይልቅ ያስተማረን ይህ ነው።

ፓርናስ ይህን ፕሮግራም በሁለት መንገድ ከፈሉት። የመጀመሪያው መንገድ እኛ ሁላችን ሳናስብ የምንይዘው ነው፤ ይኸውም የሥራውን ቅደም ተከተል ተከትሎ መቀበያ፣ ማዟዟሪያ፣ መደርደሪያ፣ ማተሚያ፣ ከዚያም ሁሉን የሚያዝ አንድ ክፍል ማድረግ ነው። ይህ አከፋፈል በወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን አርእስቶቹ በማስታወሻው ውስጥ እንዴት እንደ ተቀመጡ፣ ለምሳሌ አራት አራት ፊደል በአንድ ክፍል ተጠቅጥቀው መሆናቸውን፣ ሁሉም ሞጁሎች ያውቃሉ ማለት ይቻላል። አቀማመጡ የተለወጠ ቀን ሁሉም ይለወጣሉ። ሁለተኛው መንገድ ግን የሥራውን ቅደም ተከተል ትቶ «ነገ ሊለወጥ የሚችለው ውሳኔ የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ለእያንዳንዱ እንደዚህ ላለ ውሳኔም አንድ ሞጁል ሰጥቶ ውሳኔውን በዚያ ይሰውረዋል። የአርእስት አቀማመጥ የአንድ ሞጁል ምስጢር ይሆናል፤ ሌሎቹ «የዚህን አርእስት ሦስተኛ ቃል ስጠኝ» ይላሉ እንጂ እጃቸውን ወደ ውስጥ አይሰዱም። ፓርናስ ዋጋውንም አልደበቁም፤ እንደዚህ ያለ አከፋፈል ሞጁሎቹ እርስ በርስ እየተጠራሩ ጊዜ እንዲያባክኑ ሊያደርግ እንደሚችል በዚያው ጽሑፍ ተናግረዋል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አራት ሆነን ለአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፍ ማዋሻ ፕሮግራም በፓይተን ጻፍን። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቀኑ በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንዲመዘገብ ስለ ጠየቁን፣ እያንዳንዱን ቀን በሦስት ቁጥሮች፣ ማለት በዓመት በወርና በዕለት፣ አስረን አስቀመጥነው። ፓይተን ከሦስተኛው እትሙ፣ ከ2008 ጀምሮ፣ ስሞችን በገዛ ፊደላችን መጻፍ ስለሚፈቅድ የቀኑን ሞጁል «ዘመን» ብለን ሰየምነው፤ በዚህም ደስ ብሎን ነበር። ፕሮግራሙ በሙሉ አሥራ አንድ ፋይሎች ነበሩት።

በነሐሴ 25 ቀን መጽሐፍ የተዋሰ አንድ ተማሪ በመስከረም 3 ቀን መለሰ። ጳጉሜን በዚያ ዓመት 5 ቀን ስለ ነበረች መጽሐፉ በእጁ የቈየው 13 ቀን ነው፤ የተፈቀደለትም 15 ቀን ነበር። ፕሮግራሙ ግን 38 ቀን ቈይቷል ብሎ የ23 ቀን ቅጣት ጻፈበት። ተማሪው ቀኑን በጣቱ እየቈጠረ ለኃላፊው አስረዳ፤ እርሳቸውም ጠርተውን «ልጆቼ፣ የእናንተ ጳጉሜን ስንት ቀን ናት?» አሉን። አፈርን። ምክንያቱን ስንፈልግ በ«ዘመን» ውስጥ የሁለት ቀን ርቀት በትክክል የሚያሰላ ፈንክሽን አለ፤ የቅጣቱን ፋይል የጻፈው ጓደኛችን ግን አልጠራውም። ሦስቱ ቁጥሮች በፊቱ ተዘርግተው ስለ አገኛቸው፣ ወር ሁሉ 30 ቀን ነው ብሎ በራሱ አሰላ፤ አሥራ ሦስተኛዋንም ወር ከአሥራ ሁለቱ ጋር ደባለቃት።

ስሕተቱን ለማቃናት አንድ መሥመር መለወጥ በቂ ነበር። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ ለማስተካከል ስንል ቀኑ በሦስት ቁጥሮች መቀመጡ ቀርቶ ከአንድ ከተወሰነ ዕለት ጀምሮ በተቈጠሩ ቀኖች ብዛት፣ ማለት በአንድ ቁጥር፣ እንዲቀመጥ ወሰንን፤ ያን ጊዜ የሁለት ቀን ርቀት መቀነስ ብቻ ይሆናልና። በፓርናስ መለኪያ ይህ ለውጥ የ«ዘመን» የውስጥ ጉዳይ ስለ ሆነ አንድ ፋይል ብቻ መንካት ነበረበት። ስንመረምር ከአሥራ አንዱ ፋይሎች ሰባቱ ወደ ሦስቱ ቁጥሮች እጃቸውን ሰደው ተገኙ። ስድስቱን በጥቅምት ወር አረምን፤ ሰባተኛውን ሳናየው አለፍን። ሰባተኛው በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራው የዓመቱ ማጠቃለያ ነበረ፤ ስምንት ወር ያህል ዝም ብሎ ቈይቶ በሰኔ ኃላፊው ማጠቃለያውን ባዘዙ ጊዜ ከመካከል ተሰብሮ ቆመ።

ጥፋቱ የእኛ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ትችት የሚጽፍ ሰው «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብሎ ብቻ ማቆም የለበትም፤ «መሣሪያው ምን አድርጎ ኖሮ ጥፋቱ በታየ ነበር?» ብሎም መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ የፓይተንን አሠራር ቀረብ ብለን እንይ።

በፓይተን እያንዳንዱ ፋይል ሞጁል ነው። «ኢምፖርት» የሚለው ትእዛዝ ሲደርሰው ቋንቋው ፋይሉን ፈልጎ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ያስኬደዋል፤ በዚያም የተወለዱትን ስሞች በአንድ መዝገብ ሰብስቦ ለጠሪው ይሰጣል። ሁለተኛ ጊዜ ሲጠራ ያንኑ መዝገብ ይሰጣል እንጂ ፋይሉን እንደገና አያስኬድም። የአሠራሩ ቅለት በእውነት የሚደነቅ ነው፤ በአንድ ቀን ትምህርት ይገባል። ነገር ግን በመዝገቡ ውስጥ የእልፍኝና የጓዳ ልዩነት የለም። የውጭ ሰው ስሙን ሁሉ ያያል፤ ማየት ብቻም አይደለም፣ የሞጁሉን ፈንክሽን ከውጭ ሆኖ በራሱ ፈንክሽን ሊተካው ይችላል። ስሙ በታች ሰረዝ ከጀመረ «ይህ የውስጥ ነው» ማለት እንደ ሆነ በጸሐፊዎች መካከል ስምምነት አለ። ቋንቋው ራሱ ግን በሞጁል ደረጃ ይህን ምልክት የሚያስበው «ከዚህ ሞጁል ሁሉንም ስም አምጣ» ሲባል ብቻ ነው፤ ስሙን ለይቶ ለጠራው ሰው ግን ምንም ሳይል ይሰጠዋል።

የዚህ ሥርዓት ተከራካሪዎች «ሁላችንም ዐዋቂዎች ነን፤ በታች ሰረዝ ያለውን ካልነካህ ምን ችግር አለ?» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ይህ መልስ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛው ግልጥ ነው፤ ፕሮግራም የሚጻፈው በዐዋቂዎች ብቻ አይደለም፤ በፈተና ዋዜማ በሌሊት የሚጽፉ ተማሪዎችም አሉ። ሁለተኛው ግን ይበልጥ የከበደ ነው። እኛ በታች ሰረዝ የተሰወረውን አንድም ስም አልነካንም። የነካነው «ዘመን» ራሱ በይፋ ያቀረበልንን ዋጋ ነው፤ እርሱም ራቁታቸውን የወጡ ሦስት ቁጥሮች ነበሩ። ጓዳው ቢዘጋም ድስቱ ራሱ ተነሥቶ ወደ እልፍኝ መጥቶ ነበር። ስለዚህ ስምን መሰወር ብቻ አይበቃም፤ የዋጋውም መልክ መሰወር አለበት። ቀኑን በክላስ ብንጠቀልለው ይሻል እንደ ነበር እናውቃለን፤ ሆኖም የፓይተን ክላስም በውስጡ ያለውን ከውጭ እጅ አያስጥልም፤ ስሕተቱም የሚገለጠው ያ መሥመር በተሠራ ሰዓት ነው፤ በእኛ ዘንድ በሰኔ።

ሌላው ደካማ ጎን ሞጁልን መጥራትና ፋይሉን ማስኬድ አንድ ነገር መሆናቸው ነው። ሁለት ሞጁሎች እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ አንዱ ሌላውን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳለ ያገኘዋል፤ ያልተወለደ ስም ይጠይቅና ይወድቃል። ደግሞም ፋይል የሚፈለገው አስቀድሞ ፕሮግራሙ ባለበት ማኅደር ውስጥ ስለ ሆነ፣ ጀማሪው ፋይሉን «ራንደም» ብሎ ቢሰይም የቋንቋው የራሱ «ራንደም» ይሸፈንበታል። በክፍላችን ይህ ያልደረሰበት ተማሪ ብናገኝ እንገረማለን።

ከዚህ የተሻለ አልነበረም ወይ ለሚል፣ ነበረ። በዙሪክ ኒክላውስ ቪርት በ1970ዎቹ መጨረሻ ባወጡት ሞዱላ 2 እያንዳንዱ ሞጁል በሁለት ይጻፋል፤ አንዱ ለሌሎች የሚሰጠውን የሚያስታውቅ፣ ሁለተኛው አሠራሩን የያዘ ነው። ጠሪው የሚያየው ማስታወቂያውን ብቻ ነው። ፓይተን የሞጁልን ሐሳብ የወሰደው ከዚሁ ዘር ከሆነው ከሞዱላ 3 መሆኑ ይታወቃል፤ ሲወስደው ግን ማስታወቂያውን እዚያው ትቶት መጣ። ሲ የተባለው ቋንቋ እንኳ፣ የሞጁል ሥርዓቱ የአንዱን ፋይል ጽሑፍ በሌላው ላይ ከመገልበጥ ብዙም ባይርቅም፣ የዋጋውን ስም ብቻ አስታውቆ መልኩን ለመሰወር ያስችላል።

ከሁሉ የላቀውን ሥርዓት የምናገኘው ግን በኤም.ኤል. ቋንቋዎች ቤተ ሰብ ነው። ዴቪድ ማክዊን በ1984 ለስታንዳርድ ኤም.ኤል. ያቀረቡት አሠራር፣ ዛሬ በኦካምልም የሚገኘው፣ ለሞጁሉ ሲግኔቸር የሚባል ማስታወቂያ ይሰጠዋል። በማስታወቂያው ላይ «ቀን የሚባል ዓይነት አለ» ብሎ መጻፍ፣ ምን እንደ ሆነ ግን ዝም ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ በውስጥ ሦስት ቁጥሮች ይሁን አንድ ቁጥር የሚያውቀው ሞጁሉ ብቻ ነው፤ ከውጭ ወሩን ሊያወጣ የሚሞክር መሥመር ቢኖር ኮምፓይለሩ ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሠራ ይመልሰዋል። የቅጣቱ ፋይል ገና በተጻፈበት ሌሊት በተመለሰ ነበር፤ የዓመቱ ማጠቃለያም ሰኔን ባልጠበቀ ነበር።

በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ፋንክተር የሚባል ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ሞጁል ተቀብሎ ሞጁል የሚሰጥ ሞጁል ነው። ሲሰሙት የትምህርት ቤት ጨዋታ ይመስላል፤ ለእኛ ፊደል ግን ታላቅ ጥቅም አለው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ በ1999 ሲገባ በሀ ለ ሐ መ ሠ ረ ሰ ቅደም ተከተል ቁጥር ተሰጠው፤ ፓይተንም ቃላትን በተለየ መለኪያ እንዲደረድር ካልታዘዘ በዚሁ ቁጥር ይደረድራል። በዚህም ምክንያት «ሠርግ» ተብሎ የተጻፈ አርእስት ከ«ረ» በፊት፣ «ሰርግ» ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ከ«ረ» በኋላ ይውላል፤ ፈላጊው አንዱን አግኝቶ ሌላውን ያጣል። ሀ ሐ ኀ፣ ሠ ሰ፣ አ ዐ፣ ጸ ፀ እንደ አንድ ይቈጠሩ ወይስ ይለዩ የሚለው ጥያቄ ሊቃውንቱ ያልተስማሙበት ነው፤ ስለዚህ በፓርናስ አነጋገር ነገ ሊለወጥ የሚችል ውሳኔ ነው። በኦካምል የፊደል ተራውን አንድ ሞጁል አድርገን ለመደርደሪያው እንሰጠዋለን፤ ውሳኔው ሲለወጥ የምንለውጠው ያንን አንዱን ነው። ከዚህም በላይ በአንዱ ተራ የተደረደረውን ስብስብ በሌላው ተራ ከተደረደረው ጋር ለመቀላቀል ብንሞክር፣ ሁለቱ የተለያዩ ዓይነቶች ናቸውና ኮምፓይለሩ ይከለክላል። በፓይተንም መደርደሪያው መለኪያውን ከውጭ ሊቀበል ይችላል፤ ይህን አንነሣውም። ነገር ግን የተለያየ መለኪያ የያዙ ሁለት ዝርዝሮች ቢቀላቀሉ የሚናገር የለም።

የኤም.ኤል. መንገድ ያለ ዋጋ አይገኝም። ማስታወቂያውን ለብቻ መጻፍና ከአሠራሩ ጋር እያስማሙ መጠበቅ ያሰለቻል፤ የፋንክተር አጻጻፍም ጀማሪን ያስደነግጣል። ከአራታችን ሁለታችን በመጀመሪያው ሳምንት ትተነው ነበር።

«ታዲያ ፓይተን ወደ ፊት ጓዳ ይሥራለት» የሚል ቢኖር የጃቫን ታሪክ ይመልከት። ጃቫ በሴፕቴምበር 2017 በወጣው ዘጠነኛ እትሙ ትክክለኛ የሞጁል ሥርዓት አገኘ፤ የቋንቋውም የውስጥ ክፍሎች ከውጭ እጅ የሚጠበቁበት ደንብ ወጣ። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ከ20 ዓመት በላይ በሩ ክፍት ነበርና ብዙ የታወቁ መሣሪያዎች በጓዳው ውስጥ ተደላድለው ተቀምጠው ነበር። በአንድ ቀን ማስወጣት ስላልተቻለ በሩ በማስጠንቀቂያ ብቻ ክፍት እንዲቈይ ተደረገ። እንደ ተራ ደንብ የተዘጋው በ2021 በ16ኛው እትም ነው፤ ሁሉን በአንድ ጊዜ መልሶ የሚከፍተውም ትእዛዝ በዚያው ዓመት በ17ኛው እትም ዋጋ አጣ። ፓይተን ከ1991 ጀምሮ በሰው እጅ ያለ ቋንቋ ነው፤ በእርሱም ጓዳ ውስጥ የተቀመጠው እንግዳ ከጃቫው የሚያንስ አይመስለንም።

እኛ በበኩላችን ፓይተንን አልተውነውም። የማዋሻው ፕሮግራም ዛሬም በእርሱ ይሠራል። ቀኑን በክላስ ጠቀለልነው፤ ደግሞም ሌሎቹን ፋይሎች እያነበበ ከ«ዘመን» ውጭ ወደ ቀኑ ውስጥ እጁን የሰደደ መሥመር ሲያገኝ ስሙን የሚጽፍ አጭር ፕሮግራም አዘጋጀን። ይህ ማለት ቋንቋው ያልሠራውን በር እኛ በእንጨትና በጠፍር ሠራነው ማለት ነው። ጠባቂው ትናንት ሲሠራ አንድ መሥመር ያዘ፤ የጻፍነው እኛው ነን።

ከአራታችን አንዱ ይህን ትችት አንብቦ በፍርዳችን አልተስማማም። የሰኔው ስሕተት የደረሰ ቀን በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ፓይተንን ከፍቶ፣ ወደ «ዘመን» ውስጥ ገብቶ፣ እያንዳንዱን ቀን አውጥቶ በማየት ምክንያቱን በጥቂት ደቂቃ ያገኘው እርሱ ነበር። ኦካምል ቢሆን ኖሮ የተሰወረውን ዋጋ ሲጠይቁት «አብስትር» ብሎ ብቻ ይመልሳል፤ በውስጡ ያለውን አያሳይም። ጓደኛችን «በዚያን ቀን ጓዳ ቢኖረን ኖሮ ከውጭ ቆመን እናንኳኳ ነበር» ይላል። በዚህ ነገር ላይ እስካሁን የምንመልስለት አላገኘንም።